ኢኩዮ ያበላሸቻቸው ትዕይንቶች

ኢኩዮ ኦኪታ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ሻይ እንኳ የምትጠጣው ቆማ ነው፤ ስኒውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው መጋረጃውን ገለጥ ታደርጋለች። ከመጋረጃው ማዶ፣ ከጠባቧ መንገድ ወዲያ፣ የሩሪኮ ቤት አለ። ሩሪኮ ተነሣች? ሩሪኮ ልብስ አሰጣች? ሩሪኮ ዛሬ ምን ለበሰች? ኢኩዮ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ከዚህ ውስጥ አርባውን ያሳለፈችው ይህችን አንዲት ሴት በማየት ነው ብል አላጋነንኩም።

ደሴታችን ናጊጂማ በብስክሌት ተዞራ ምሳ ሳይደርስ የምታልቅ ናት። ኢኩዮ ወደቡ አጠገብ ባለው የልብስ ማጠቢያ ቤት የእንግዳ ማረፊያዎቹን አንሶላ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። ሩሪኮ ደግሞ ከኮረብታው ጥግ መንደሪን ታለማለች፤ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሁለቱ የተገናኙት አሥራ ሦስት ዓመታቸው ላይ አስተማሪው አጠገብ ላጠገብ ስላስቀመጧቸው ነው። አስተማሪው ሌላ ወንበር ቢመርጡ ኖሮ እኔም ይህን የምነግራችሁ ነገር አይኖረኝም ነበር።

ሩሪኮ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ጸጉሯን ስታሳጥር፣ ኢኩዮ በዚያው ቀን፣ በዚያው ወንበር፣ ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ተቆረጠች። ሩሪኮ መነጽር ስታደርግ፣ ከወደቡ ሆና የማዶውን ሰው የምትለየው ኢኩዮ ባዶ መስታወት የገባበት መነጽር ገዛች። አንድ ክረምት ሩሪኮ ትርፍ አንጀቷን ታማ ማዶ ተሻግራ ኦፕራሲዮን ሆነች። በሁለተኛው ሳምንት ኢኩዮ መርከብ ተሳፍራ ሄደችና ሐኪሙን የእኔም ይታይልኝ አለችው። ምንም የለብሽም ሲላት አኩርፋ ተመለሰች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ እየሳቀች፣ አንዱን እግሯን በሌላው እያሻሸች፣ በመሃሉም መስኮቱን እያየች። ባል ለምን አላገባሽም ሲሏት ጊዜ የለኝም ትላለች።

የደሴቱ ሰው ኢኩዮን ልክፍተኛ፣ ሩሪኮን ታጋሽ አድርጎ ነው የሚያወራው። እኔ ግን ሌላም ነገር አይቻለሁ። ኢኩዮ ጉንፋን ጥሏት ሦስት ቀን የተኛች ጊዜ፣ ሩሪኮ ወንበር አውጥታ መንገዱ መሃል፣ ልክ ከኢኩዮ መስኮት ሥር ተቀምጣ መንደሪን ስትልጥ ነበር የምትውለው። ፖስተኛው ሦስቱንም ቀን በብስክሌቱ ዞሯት አለፈ። ምነው ብሎ የጠየቃትም የለም።

ባለፈው መጋቢት ሺዮሪ የምትባል የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ከኦሳካ መጣች። በፊተኛው በጋ በእንግድነት መጥታ፣ ሁለቱ ሴቶች አንድ ዓይነት ሽርጥ አድርገው አንሶላ ሲያሰጡ አይታ ኖሯል። ክረምቱን ሙሉ ሌሊት ሱቅ ውስጥ እየሠራች ፊልም ጻፈች። ታሪኩ አጭር ነው፦ ሁለት ሴቶች አሉ፤ አንደኛዋ ያለሌላዋ መተንፈስ አትችልም፤ በመጨረሻ አንደኛዋ በመርከብ ትሄዳለች። ተዋናይ የምትቀጥርበት አቅም ስለሌላት ሁለቱን ራሳቸውን ለመነቻቸው። ሩሪኮ ሳቀችና እሺ አለች። ሩሪኮ እሺ ካለች ኢኩዮ እሺ ማለቷን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ከሺዮሪ ጋር የመጡት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ኩኒዮ ነው፤ ካሜራ የተዋሰና ቃል የማይወጣው ሰው። ሌላዋ ናሆ ናት፤ ልብሱንም፣ ምግቡንም፣ የቀረጻውን ዕቅድም የያዘችው። ድምፅ የሚቀዳ አጡ። እኔ ፍሪጅና ራዲዮ ጠጋኝ ነኝ፤ በትርፍ ጊዜዬ የወፍ ድምፅ የምቀዳበት ጥሩ ማይክ አለኝ። ናሆ በሬን አንኳኩታ ማይክዎን ሊያውሱን ይችላሉ ወይ ስትለኝ፣ ከነባለቤቱ ውሰጂው አልኳት። አቤት ደስታዬ! በሃምሳ አንድ ዓመቴ ከረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ማይክ አንጠልጥዬ፣ ማዳመጫ በጆሮዬ ሰክቼ፣ የሩሪኮ ወጥ ቤት ጥግ ቆምኩ። ክንዴ ይዝላል፣ አንገቴ ይገተራል፣ ግን ማታ ቤቴ ስገባ ልጅ ሆኜ ከባሕር የምመለስ ያህል ይሰማኝ ነበር።

ዕቅዱ ለዐሥር ቀን ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይኖርባችኋል። ቀረጻው ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ሩሪኮ ኢኩዮን ጠርታ፣ ሩቅ ሰንዳይ ከተማ ያለችው ልጇ ልትወልድ እንደሆነ፣ እኔ ዘንድ ኑሪ እንዳለቻት፣ ቤቱን ዘግታ መሄዷ እንደሆነ ነገረቻት። ለሺዮሪ ቃል ስለገባች የምትሄደው ፊልሙ ሲያልቅ ነው። የፊልሙ የመጨረሻ ቀን ማለት የሩሪኮም የመጨረሻ ቀን ማለት ነው። ኢኩዮ ይህን ሰምታ እ አለች። ከዚያ ቤቷ ገብታ ንጹሕ የነበሩትን መጋረጃዎች በሙሉ አወረደችና አጠበች።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ኢኩዮ ግሩም ነበረች። ሺዮሪ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታያት ነበር። በሦስተኛው ቀን የምትለውን ረሳች። በአራተኛው አነጠሳት፤ ሦስት ጊዜ፣ ሁልጊዜ ሩሪኮ ዋናውን ነገር ልትናገር ስትል። በአምስተኛው፣ ጠዋት ሰማያዊ ሽርጥ አድርጋ የጀመረችውን ትዕይንት ከምሳ በኋላ አረንጓዴ አድርጋ ጨረሰችው፤ ማንም ልብ ሳይል ተቀርጾ አለቀና እንደገና ተጀመረ። አንዴ ካሜራውን ቀጥ ብላ አየችው። አንዴ ኩኒዮን ሰላም አለችው፣ ትዕይንቱ መሃል።

ከሁሉም የዓሣው ይብሳል። ሁለቱ ገበታ ቀርበው፣ መሃላቸው በሶያ መረቅ የተቀቀለ አንድ ትልቅ ዓሣ ተቀምጦ፣ ሁለቱም ሳይነኩት የሚነጋገሩበት ትዕይንት ነው። አለመነካቱ ነው ነገሩ፤ ሺዮሪ ይህን ሁለት ጊዜ አስረድታለች። ካሜራው መቅረጽ ጀመረ። ሩሪኮ መናገር ጀመረች። ኢኩዮ በቾፕስቲኳ፣ በመብያ እንጨቷ፣ የዓሣውን ጉንጭ ፈልቅቃ ጎረሰች። ናሆ ሌላ ዓሣ ቀቀለች። እሱንም ጎረሰች። ሦስተኛውን ከጎረቤት ለምነን አመጣን። ለአራተኛው ናሆ ብስክሌቷን ይዛ ዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ ወረደች፤ ስትመለስ ዝናብ ጥሎባት፣ ዓሣውን በደረቷ አቅፋ ወጥ ቤት ገባች። ልጅቷን ሳያት አዘንኩ። ኢኩዮም አዝና ነበር። ግን አራተኛውንም በላችው።

ሺዮሪ አንድም ቀን ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ኢኩዮ ሳን ብላ በአክብሮት ጠርታት፣ ደክሞዎት ይሆናል፣ ነገ እንሞክረው ትላለች። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ዕቅድ ትሄድና ጀርባዋን ሰጥታን ረጅም ጊዜ ትቆማለች።

እኔ ግን አውቄ ነበር። ማዳመጫ ያደረገ ሰው ሌላው የማይሰማውን ይሰማል። ኢኩዮ አንድ ትዕይንት ከማበላሸቷ በፊት ሁለት ጊዜ ትተነፍሳለች፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሊገባ እንደተዘጋጀ ሰው። መጀመሪያ ላይ ነገሬ አላልኩትም። በስምንተኛው ቀን ትንፋሹን ስሰማ ዘንጉን ቀድሜ ዝቅ ማድረግ ጀመርኩ፤ የሚቀዳ ነገር እንደማይኖር አውቃለሁና። ለሺዮሪ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ለኢኩዮ አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን እኔም ፊልሙ እንዲያልቅ አልፈለግሁም ነበር። ፊልሙ ካለቀ የሚጠብቀኝ የፍሪጅ ሞተር ነው።

ዐሥሩ ቀን ዐሥራ ሦስት ሆነ። ሰንዳይ ያለችው ልጅ በየቀኑ ትደውላለች፤ ሩሪኮ ስልኩን ጓሮ ይዛ ትወጣና፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያለች ትመለሳለች። ሰው ሁሉ ቁጭ ማለት አቃተው። ኩኒዮ የካሜራውን መስታወት ጠርጎ ሲጨርስ እንደገና ይጠርጋል። ናሆ ዕቅዱን በየማታው ትጽፈዋለች፣ በየጠዋቱ ትሰርዘዋለች፤ የእኔ ወረቀት ላይ ሰማያዊ፣ ቀይና አረንጓዴ ቁጥሮች ተደራርበው የቱ እንደተቀረጸ፣ የቱ እንደቀረ መለየት አቅቶኝ ነበር።

ስሕተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። በቀረጻ ቦታ አንድ ተዋናይ የመጨረሻ ትዕይንቱን ሲጨርስ ስሙ ተጠርቶ እቅፍ አበባ ይሰጠዋል፣ ሁሉም ያጨበጭባል፣ እሱም ጎንበስ ብሎ ያመሰግናል። ደሴቱ ላይ አበባ ሻጭ ስለሌለ ናሆ የሩሪኮን አበባ ከማዶ አስመጥታ፣ ጥላ ቦታ ያስቀምጡና ጊዜው ሲደርስ ይስጧት ብላ ለእኔ አደራ ሰጥታኝ ነበር። በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ከሰዓት የወጥ ቤቱን ትዕይንት ቀረጽን። ኢኩዮ ትንፋሽዋን አንድ ጊዜ ሳበች፤ ሁለተኛውን ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ምናልባት ደክሟት ይሆናል። ትዕይንቱ ከዳር እስከ ዳር አለፈ። ሺዮሪ ካት፣ ይብቃ፣ ግሩም ነው አለች። እኔ ወረቀቴን አየሁ። ሁሉም ቁጥር የተሰረዘ መሰለኝ። ደስታዬ አሳበደኝና ዘንጉን ጥዬ፣ አበባውን አንሥቼ፣ ሩሪኮ ሳን በዚህ ትዕይንት ሥራዋን ጨርሳለች ብዬ ጮህኩ።

አንድ ትዕይንት ይቀር ነበር። የወደቡ። ሁለቱ የሚለያዩበት።

ኩኒዮ አጨበጨበ፤ ሺዮሪም አጨበጨበች። ምን ታድርግ? አበባው በሩሪኮ እጅ ገብቷል። ሩሪኮ እስከ ወገቧ ጎንበስ አለች። ለእኔ ለመንደሪን ሴት ይህን ያህል ስለተጨነቃችሁ አመሰግናለሁ፣ ስላስቸገርኳችሁም ይቅርታ ብላ ንግግር አደረገች፤ በመሃሉ አለቀሰች። እኛም ሁላችን ጎንበስ አልን። አበባ ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ ተመስግኖ ያበቃን ሰው ይቅርታ፣ አንድ ቀርቶናል፣ አበባውን መልሺው የሚል አንደበት በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ አልነበረም። ጎንበስ እንዳልኩ ወለሉን እያየሁ፣ ያደረግሁት ነገር ቀስ እያለ ገባኝ።

ሌሎቹ ዕቃ ለመጫን ወጡ። እኔ ገመዴን ልጠቀልል ኮሪደሩ ላይ ተንበረከክሁ። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነው፤ ማይኩ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ እንደወደቀ ነው፤ አልጠፋም። ማውለቅ ነበረብኝ።

«ያን ዓሣ ሆን ብለሽ ነው የበላሽው» አለች ሩሪኮ።

«ርቦኝ ነው።»

«አራት ጊዜ?»

የኢኩዮ እግር ሲንጎራደድ ሰማሁ፤ ከምድጃው እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ ምድጃው።

«ኢኩ ቻን» አለች በልጅነት መጠሪያዋ፣ «እባክሽ አንዴ ቁሚ። ሃያ ሦስት ጊዜ አበላሽተሻል። ቆጥሬያለሁ። በየማታው፣ ነገ ትናገረዋለች እያልኩ ስጠብቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? አርባ ዓመት ሙሉ ጸጉሬን ተቆርጠሻል፣ መነጽሬን አድርገሻል፣ አንጀቴን ልታስወጪ ነበር። አንድ ቀን ግን አፍሽን ከፍተሽ የምትፈልጊውን ነግረሽኝ አታውቂም። እኔ ነኝ ሁልጊዜ የምገምተው።»

እግሩ ቆመ። ከዚያ ሁለቱን ትንፋሾች ሰማሁ፤ አጭሩን፣ ቀጥሎም ረጅሙን።

«ሩሪ ቻን፣ አትሂጂብኝ።»

«ሰማሁሽ» አለች ሩሪኮ። ድምፅዋ ውስጥ ደስታም ነበረበት፤ ይህን እምላለሁ። «አመሰግናለሁ። ግን እሄዳለሁ። ልጄ ብቻዋን ናት። እኔም ሌላ ቦታ ምን ዓይነት ሰው እንደምሆን ማየት እፈልጋለሁ፤ አይቼው አላውቅም።»

ማዳመጫውን ያን ጊዜ አወለቅሁ።

በማግስቱ ጠዋት እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ተሰብስበን ሻይ እንጠጣለን። እኔ ይቅርታ መጠየቄን አላቆምኩም፤ ናሆም የለም፣ ወረቀቱ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው ማለቷን አላቆመችም። ሺዮሪ የወደቡን ትዕይንት ያለሩሪኮ እንዴት እንደምትቀርጸው እያሰበች እርሳሷን ታኝካለች። ካሜራው በማግስቱ ለባለቤቱ መመለስ አለበት። ያን ጊዜ ኢኩዮ ገባች፤ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ ነው የተናገረችው።

«ዳይሬክተር፣ ነገ በአራት ሰዓት ከሃያ ሩሪ ቻን ትሄዳለች። የወደቡን ትዕይንት ያን ጊዜ ቅረጪው። የምቆመው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሷ እንደማንም ተሳፋሪ መርከቡ ላይ ትሁን።»

ሺዮሪ እርሳሷን አስቀመጠች። ኢኩዮን ቀና ብላ አየቻት፤ ኢኩዮ ሆን ብላ ታበላሽ እንደነበር ልጅቷም እንዳወቀች የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

«ኢኩዮ ሳን፣ ይህ አይደገምም። ከተበላሸ ፊልሙ መጨረሻ የለውም።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የመጣሁት። መርከቡን ተመለስ ማለት አልችልም።» ትንሽ አሰበችና «ዓሣም የለበትም» አለች።

ኩኒዮ ሳቀ። በዐሥራ አራት ቀን ውስጥ ከአፉ የሰማሁት የመጀመሪያ ድምፅ ነው።

በማግስቱ ነፋስ ነበር፤ ለድምፅ መጥፎ ቀን። መጋቢት ላይ ከደሴታችን የሚዛወሩ አስተማሪዎችን እንደምንሸኘው፣ ሩሪኮንም ለመሸኘት ግማሹ ሰው ወደቡ ላይ ወጥቷል። ሺዮሪ ለማንም ካሜራውን አትዩ አላለችም፤ ማንም አላየውም፤ ሁሉም የሚያየው ሩሪኮን ነበር። እሷ ከመርከቡ የላይኛው ወለል፣ የመደገፊያው ብረት አጠገብ ቆማ የወረቀት ጥብጣብ ጥቅል ወረወረች። ጫፉን እሷ ይዛ ቀርታለች፤ ጥቅሉ በአየር ላይ እየተተረተረ መጣና ኢኩዮ እጅ ላይ አረፈ። ቢጫ ነበር። መርከቡ ሲርቅ የቀረው ሰው ጥቅሉን እየፈታ ይለቅለታል፤ ሲያልቅ ይወጠራል፤ ከዚያ ይበጠሳል። ልማዱ እስኪበጠስ መያዝ ነው፤ ማንም ቀድሞ አይለቅም።

ሞተሩ ተነሣ። በጽሑፉ መሠረት ኢኩዮ እዚህ ላይ የጓደኛዋን ስም እየጠራች በወደቡ ጠርዝ መሮጥ አለባት። እኔ ዘንጌን ዘርግቼ ትንፋሽዋን አዳመጥሁ። እኩል ነበር። ጥቅሉ በመዳፏ ውስጥ ይሽከረከራል፣ ይሳሳል፣ አለቀ። ቢጫው መስመር ከእጇ እስከ ሩሪኮ እጅ ተወጠረና በነፋሱ መንዘር ጀመረ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ዓይነት ድምፅ ቀድቼ አላውቅም፤ ቀጭን፣ የሚያንዝር፣ ከነፋሱ የተለየ።

ኢኩዮ ጣቶቿን ከፈተች። ሳይበጠስ። አልሮጠችም፣ አልተጣራችም። ጥብጣቡ ከእጇ ወጥቶ በአየር ላይ እየተጥመለመለ መርከቡን ተከተለ፤ ሩሪኮም ሙሉውን፣ ምንም ሳይጎድል፣ እጅ በእጅ እየሳበች ስትጠቀልለው ከሩቅ ታየች።

ሺዮሪ ካት ለማለት ብዙ ቆየች። ስትለውም በሹክሹክታ ነው። ናሆ እያለቀሰች ነበር፤ ኩኒዮ ዓይኑን ከካሜራው አላነሣም። ኢኩዮ ሁላችንንም ጎንበስ ብላ አመሰገነችና ወዲያው መራመድ ጀመረች። ዘንጌን እንደያዝኩ ከኋላዋ ሮጥኩ።

«ለምን ለቀቅሽው?» አልኳት። «አልተበጠሰም እኮ።»

«እሷ አትለቅም» አለችኝ፤ እርምጃዋን ሳትቀንስ። «አውቃታለሁ። ጥብጣቡ ተበጥሶም ቢሆን ቁራጩን ይዛ ማዶ እስክትደርስ እዚያው ትቆም ነበር። ላይኛው ወለል ብርድ ነው፣ ኮቷ ደግሞ ስስ ነው። አሁን የምትጠቀልለውን ጠቅልላ ውስጥ ትገባለች።» ዞር ብላ ባሕሩን አየች። መርከቡ ገና ከወደቡ አፍ አልወጣም፤ ላይኛው ወለል ላይ ግን ሰው አልነበረም። «ይኸው ገባች» አለችና፣ ሠላሳ አንሶላ ይጠብቀኛል ብላ ወደ ልብስ ማጠቢያው ታጠፈች።